መንበሩ የተወው የትምህርት ዘርፍ

አንድ የወረዳ ውሃ ባለሙያ ነበር። መንበሩ ይባላል። ዘጠኝ ዓመት በቆላ ቀበሌዎች እየዞረ የእጅ ፓምፕ ሲጠግን ኖሯል። የትኛው ጉድጓድ በየትኛው ወር እንደሚነጥፍ፣ የትኛው ፓምፕ በአንዲት ጎማ እጦት ወራት ሙሉ ቆሞ እንደሚቀር ጠንቅቆ ያውቃል።

በመጨረሻ በሕዝብ ፖሊሲ ሁለተኛ ዲግሪ የሚማርበት ዕድል አገኘና ዋና ከተማ ገባ። የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት ለሁሉም አንድ ነበር። በሁለተኛው ግን እያንዳንዱ ተማሪ የሚያተኩርበትን ዘርፍ መምረጥ ነበረበት። መንበሩ የገጠር አገልግሎትን አልፎ ዓለም አቀፍ ንግድን መረጠ።

አማካሪው፣ አንድ አረጋዊ መምህር፣ ቅጹን አይተው፣ «ስለ ገጠር ውሃ ካንተ በላይ የሚያውቅ ተማሪ የለኝም። ለምን ተውከው?» አሉት።

«እሱን የተማረ ሰው ተመልሶ ወረዳ ነው የሚመደበው፣ መምህር። ንግድ የተማረ ግን ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ይገባል።»

«ንግድ ትወዳለህ?»

መንበሩ ቅጹን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገው። መምህሩም ሌላ ሳይጨምሩ ፈረሙለት።

ያሰበው ሆነለት። በንግድ ባለሙያነት ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ገባ። በአምስተኛው ዓመት አዲስ የገጠር ውሃ መመሪያ ሊወጣ መሆኑን ሰምቶ ረቂቁን አፈላልጎ አነበበው። የፓምፕ መለዋወጫ ሁሉ በየክልሉ ከተማ መጋዘን ብቻ ይቀመጥ ይላል። ከቆላው እስከዚያ የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ወንዙ አያሻግርም። መንበሩ ደንግጦ ረቂቁን ወዳዘጋጀው ባለሙያ ሄደና ሁሉንም አስረዳው። ሰውየው በትሕትና አዳመጠው።

«ሐሳብዎን እናከብራለን» አለው። «የእርስዎ ዘርፍ ግን ንግድ ነው።»

መመሪያው አንድ ቃል ሳይለወጥ ጸደቀ።

ከሁለት ዓመት በኋላ መንበሩ ለለቅሶ ወደ ቆላው ወረደ። ድሮ ፓምፕ ይጠግንበት በነበረ አንድ ቀበሌ የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩት ወይዘሮ ሸጊቱ ልጃቸው ሞታባቸው ነበር። የቀበሌው ፓምፕ ከተበላሸ ሰባት ወር አልፎታል፤ መለዋወጫው ከክልሉ ከተማ መጋዘን አልመጣም። አገሩ ሁሉ ከኩሬ ይቀዳል፤ ልጅቷን የወሰዳትም ተቅማጥ ነው።

መንበሩ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«መመሪያው ሲወጣ ተናግሬ ነበር፣ እማማ። አልሰሙኝም።»

«አንተን ምን ብዬ እወቅስሃለሁ» አሉት። «እኛም ልጆቻችንን የምናስተምረው ከዚህ እንዲወጡ ነው። እሷንም እንደዚያው እላት ነበር።»

መንበሩን ቢወቅሱት ይቀለው ነበር።

ወዳጆቼ፣ የትምህርት ዘርፍ ስንመርጥ የት እንደሚያደርሰን እንጠይቃለን። መጠየቃችንም ነውር የለውም። ግን የኖርንበትን እውቀት ትተን ስንሄድ ቦታው ባዶ ሆኖ አይጠብቀንም፤ የማያውቀው ሰው ይወስንበታል። በኋላ እውነቱን ብንናገር እንኳ የሚሰማን አናገኝም።

እናንተስ ከማንም በላይ የምታውቁትን ችግር ለማን ትታችሁ ነው የምትሄዱት?