የጸሐፊ ደርሶ ወንበር

በአንድ ወቅት፣ ችሎት ከፀሐይ ጋር አብሮ በሚዘጋባት ከተማ፣ ሁለት ወንድማማቾችና እኅታቸው በዳኛው በር ላይ አቤቱታ እየጻፉ ይኖሩ ነበር። ሦስቱም በሥራው የበሰሉ ናቸው። አባታቸው ጸሐፊ ደርሶ ሲሞት የአጻጻፍ ደንብ የያዘ መጽሐፍና ከበሩ ፊት ለፊት ባለው ዋርካ ሥር የሚቀመጥበትን ወንበር ተወላቸው። «ነፍስ የሚያድን አቤቱታ የጻፈ ይቀመጥበት» ብሎ ነበር። ወንበሩ ባዶውን ከረመ።

አንድ ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወይዘሮ ጥጊቱ እየሮጡ መጡ። ልጃቸው አዳሙ የአቶ ቢሻውን የጤፍ ክምር አቃጥሏል ተብሎ ተከሷል። ማስረጃው የተቃጠለ እጁ ነው። ከተፈረደበት በሰንሰለት ታስሮ ቆላ ይወርዳል፤ ከዚያ ደግሞ ከወባ ተርፎ የተመለሰ የለም።

«ልጆቼ፣ እሳቱን ሲያጠፋ ነው የተቃጠለው! ቢሻው ራሱ እጁን በነጠላው አስሮለት ነበር። ኋላ ዘመዶቹ ገፋፉትና ከሰሰው።»

ታላቁ ቢተው ብዕሩን አነሣ።

«ጋሼ፣ መጽሐፉን ላምጣልህ?» አለች እኅቱ አስካለ።

«ስጽፍ ሸብቼ ዛሬ እንደ ተማሪ ልጠይቅ?»

ሳያቋርጥ ጻፈ። ሲያነበው በዙሪያው የቆመው ሰው አለቀሰ።

አስካለ ግን አላለቀሰችም። «የምንለምነውን የተናገርከው መጨረሻ ላይ ነው። የችሎቱ በር ዘበኛ በመጀመሪያው መስመር ካላገኘው ይመልሰዋል፤ አንዴ የተመለሰ ዛሬ አይገባም» አለች። መጽሐፉን ገለጠች፣ ልመናውን ወደ ላይ አወጣች፣ ግማሹን ሰረዘች።

«አንገቱን ቆረጥሽው!»

«አንገት መች ነበረው? እኔ ነኝ የቀጠልኩለት።»

የዋርካው ጥላ በሩ ላይ ደርሷል፤ ችሎቱ ሊዘጋ ነው። ታናሹ ፈንታ በችኮላ በንጹሕ ወረቀት ሊገለብጠው ተቀመጠ። በደንቡ መጽሐፍ በቀይ ቀለም «ከሳሽህን አታመስግን» የሚል ትእዛዝ አለ፤ ፈንታም በቃሉ ያውቀዋል። ቢሆንም መጨረሻው ላይ እንዲህ ጨመረ፦ «ከሳሹ አቶ ቢሻው እውነተኛ ሰው ነው። የተቃጠለውን የልጄን እጅ በነጠላው ያሰረ እሱ ነውና እሱ ይጠየቅ።»

«ገደልከው!» ብላ አስካለ ጮኸች። እናትየው ግን ወረቀቱን ነጥቀው ሮጡ።

ዘበኛው የመጀመሪያውን መስመር አይቶ አሳለፋቸው። አቤቱታው ሲነበብ አቀርቅሮ የነበረው ዳኛ ቀና አለ። ንባቡ ሲያበቃ ወደ ከሳሹ ዞረ።

«እውነት ነው?»

ቢሻው በተመሰገነበት ሕዝብ ፊት መዋሸት አቃተው።

«እሳቱን… ሲያጠፋ አይቼዋለሁ» አለ።

አዳሙ ተፈታ፤ ፀሐይዋም ጠለቀች።

በማግስቱ ሦስቱ ወንበሩን ከበው ቆሙ።

«እኔ ባልጽፍ ምኑን ታርሚው ነበር?» አለ ቢተው።

«እኔ ባላርመው ከበሩ መች ያልፍ ነበር?» አለች አስካለ።

«እኔስ ደንቡን ባልጥስ?» አለ ፈንታ በቀስታ።

«ደንቡን ባታውቅ በምን ትጥሰው ነበር?» አለችው አስካለ።

ወይዘሮ ጥጊቱን ቢጠይቋቸው፣ «እኔ ልጄ ቆሞ ሲሄድ አየሁ፤ የሚቀመጠውን እናንተ እወቁ» ብለው ልጃቸውን ይዘው ሄዱ።

ወንበሩ አሁንም ባዶ ነው። እናንተ ብትሆኑ ማንን ታስቀምጡበታላችሁ?