የሦስቱ አምበሎች ጨዋታ

ሌላ ከተማ ሄዳችሁ ይችን ተረት ብትተርቱ ሰው ግራ ገብቶት ያያችኋል። እኛ ዘንድ ግን ማኅበርተኛ ሲጣላም፣ ሠርግ ላይ አዛዥ ሲበዛም አንዱ ብድግ ብሎ ይተርታታል፤ የቀረው እየሳቀ ይቀመጣል። መነሻዋ እየተረሳ ስለሆነ ላጫውታችሁ።

አቶ ገብረየስ የሚባሉ ባለ ወፍጮ ነበሩ። ሀብት ሲያፈሩ የኳስ ቡድን አቋቋሙ፤ ስሙም «ወፍጮ» ተባለ። ቡድኑ አድጎ አድጎ ትልቁ ሊግ ገባ። ታዲያ ሰውየው አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ከጨዋታ በፊት የአምበሉን ጨርቅ በገዛ እጃቸው ክንዱ ላይ ያስሩለታል። ስለዚህ በእኛ ከተማ «ጨርቁን የሚያስር» ማለት የቡድኑ ጌታ ማለት ሆነ።

እሳቸው ሲሞቱ ሦስት ልጆች ቀሩ፤ ታላቁ በላቸው፣ መካከለኛዋ አስካለ፣ የመጨረሻው ምናሴ። ወፍጮውንም ቤቱንም ያለ ሽማግሌ ተካፈሉ። ቡድኑ ላይ ሲደርሱ ግን ተናከሱ። ቡድን እንደ ጤፍ በቁና አይሰፈር ነገር! በላቸው «የበኩር ልጅ ነኝ» ይላል። አስካለ «አባባ አልጋ ላይ ሲውሉ ቡድኑን ያቆየሁት እኔ ነኝ» ትላለች። ምናሴ ደግሞ «ከእናንተ ውስጥ ኳስ የተጫወተ እኔ ብቻ ነኝ» ባይ ነው። እውነቱን ነው፤ የተቀያሪዎች ወንበር ላይ ብዙ ተጫውቷል።

እንዲህ እንደተፋጠጡ የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ደረሰ። ወፍጮ አቻ ከወጣ ሊጉ ውስጥ ይቆያል፤ ከተሸነፈ ወርዶ መፍረሱ ነው። ዳኛው አምበሎቹን ሲጠራ ከእኛ በኩል ሦስት ጎረምሶች ወጡ። ሦስቱም ክንዳቸው ላይ ጨርቅ አስረዋል፤ ለካ በላቸውም አስካለም ምናሴም ለየራሳቸው ሰው አስረውለታል።

«ስንት ናችሁ?» አለ ዳኛው።

«አምበሉ እኔ ነኝ!» አሉ ሦስቱም በአንድ አፍ።

«አንዳችሁ ብቻ ቅሩ። አለዚያ በፎርፌ ተሸንፋችኋል።»

ሦስቱ የአቶ ገብረየስ ልጆች መስመሩ ዳር ተሰባስበው ተነታረኩ። በመጨረሻ ምናሴ «ለምን ሜዳው አይዳኘንም? የማንም አምበል ይሁን፣ ጎል ካገባ ቡድኑ የአሳሪው ይሁን» አለ። በላቸው ተስማማ። አስካለም እልህ ይዟት «ይሁን» አለች። የጅል ውል ማለት ይሄ ነው! የበላቸው አምበል ጨርቁን እንዳሰረ ቀረ፤ ሁለቱ ጨርቃቸውን ካልሲያቸው ውስጥ ወሸቁ።

ጨዋታ ተጀመረ፤ ጨዋታ ከተባለ። ሦስቱ አምበሎች ኳስ ሲያገኙ ከጎሉ በስተቀር ምንም አይታያቸውም። አንዱ ከመሀል ሜዳ ይጠልዛል፣ አንዱ ጀርባውን ሰጥቶ ይጠልዛል። ኦሞድ የሚባለው አጥቂያችን ጎሉ አፍ ላይ ብቻውን ቆሞ «ስጡኝ! ኧረ ስጡኝ!» እያለ ድምፁ ተዘጋ። ከእረፍት በፊት እንግዶቹ አንድ አገቡብን።

በእረፍቱ አስካለ ወንድሞቿን መልበሻ ክፍሉ በር ላይ ያዘቻቸው።

«ጋሼ፣ ውሉን እንተወው። ቡድኑ እየጠፋ ነው።»

«መሸነፍሽን አወቅሽ አይደል?» አለ በላቸው።

«እትዬ፣ ውል ውል ነው» አለ ምናሴም።

ትታቸው ሄደች። ደጉ የሚባለውን የራሷን አምበል ጠርታ «ጨርቁን ከካልሲህ አውጣና ስጠኝ» አለችው። «ከአሁን ጀምሮ አምበል አይደለህም። ኳስ ባገኘህ ቁጥር ለኦሞድ አቀብል።»

«እትዬ አስካለ፣ ቡድኑን ሊወስዱብዎት እኮ ነው!»

«ይውሰዱት። ግን አይወርድም፤ እኔ ቆሜ እያየሁ አይወርድም!» አለችው። እንባዋ ግጥም ብሎ ሞልቷል፤ ቃሏን ግን አላጠፈችም።

ደጉ ገብቶ አቀበለ፤ ኦሞድ ሳተ። እንደገና አቀበለ፤ በረኛው ያዘበት። የበላቸው አምበል የገዛ ጓደኛውን ኳስ ነጥቆ ወደ ሰማይ ሰደዳት። አስካለ ከመስመሩ ዳር «አቀብል!» ማለቷን አልተወችም። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ደጉ ተከላካዮቹን አልፎ ከበረኛው ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ። ቢመታት ጎሏ የእሱ ነበረች። ወደ ጎን አቀበላት፤ ኦሞድ ባዶ ጎል ውስጥ አስገባት። አንድ ለአንድ አለቀ፤ ሊጉ ውስጥ ቀረን።

ሕዝቡ ሲጨፍር ወንድማማቾቹ ሜዳ ገብተው «ያገባው አምበል አይደለም! ውሉ እንደገና ይታይ!» እያሉ ተያያዙ። የቡድኑ የመጀመሪያ በረኛ የነበሩት ሽማግሌው ጋሽ ላቀው መሀላቸው ገቡ።

«ቡድኑን አስካለ ትያዝ» አሉ።

«እኔ ታላቁ እያለሁ?» ብሎ በላቸው ጮኸ።

«እኔስ?» አለ ምናሴ።

ጋሽ ላቀው ሁለቱንም ገላመጧቸውና፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እየሰማ፣ «እናንተ ልጆች፣ ሁሉም ሆኖ አምበል፣ ኳሱን ማን ያቀብል?» አሉ።