ቦራን ያስነሳው ጠያቂ

አንድ ጊዜ፣ መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ ቦራ የሚባል ፈረስ ውሃ ለመጠጣት ወደ ወንዝ እየጋለበ ሲወርድ የሚያንሸራትት ድንጋይ ረግጦ ወደቀ። የፊት ቀኝ እግሩ ወለም አለው። አደጋውን ያየችው አህያ ብቻ ነበረች። ቃሏም አጭር ነው፦ «ይዘል ነበር፤ ወደቀ።»

በዚያ ሸለቆ አንበሳ ያወጣው ሕግ ነበር። አንበሳ እህል አይበላም፤ ሕግ ግን ይወዳል። በሕጉ መሠረት መኸር ሲደርስ የጭነት እንስሳ ሁሉ እህል ከአውድማ ወደ ጎተራ ያመላልሳል። መሸከም ያልቻለ ወንዙን ተሻግሮ ማዶ ይኖራል። ከወንዙ ወዲህ ማንም ማንንም መንከስ ክልክል ነው። ከወንዙ ማዶ ሕጉ አይሠራም። እዚያ የሚኖረው ጅብ ነው።

ወጌሻዋ ጦጣ ተጠራች። በሸለቆው ጣት ያላት እሷ ብቻ ስለሆነች ሥራው የእሷ ነው። እግሩን በቅቤ አሸችው፤ በሸምበቆ ደግፋ በልጥ አሰረችው።

«አልተሰበረም» አለች። «እብጠቱ እስኪጎድል ትተኛለህ። ከዚያ ቀስ ብለህ ትራመዳለህ፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመርክ። ሩጫ የለም። ጭነት መጨረሻ ላይ ነው።»

«እኔ እኮ ፈረስ ነኝ፣ እትዬ ጦጣ! ማዝገም የአህያ ነው።»

«የወደቀው ግን አህያ አይደለችም» አለችና ጣቷ ላይ የቀረውን ቅቤ ልሳ ዛፏ ላይ ወጣች።

ወሬው ወንዙን ለመሻገር ጊዜ አልፈጀበትም። ጅብ እንደሰማ ወደ ቀበሮ ሮጠ።

«እመት ቀበሮ፣ ያ ፈረስ እንዳይድን ምን ላድርግ?»

«ለእኔስ ምን ይደርሰኛል?»

«ጉበቱ።»

«ሙሉው?»

ጅብ ዓይኑን ጨፈነ። ነገሩ እንዳመመው ያስታውቅ ነበር። «እሺ፤ ሙሉው።»

«እንግዲያው ሂድና ጠይቀው፣ አያ ጅቦ። በሽተኛ መጠየቅ ያስመሰግናል። ጀግና ነህ በለው። የቀረውን ራሱ ይሠራዋል።»

በማግስቱ ጅብ ቦራ ከተኛበት ጋጣ ደጃፍ ቆመ።

«እግዜር ይማርህ፣ ወንድሜ ቦራ!» አለ። ድምፁ ያዘነ ነበር። ምራቁ ግን መሬት ደርሷል።

«ምን ፈልገህ ነው?»

«ልጠይቅህ ነዋ! ጎረቤት ሲታመም አይጠየቅም እንዴ? ማዶ ሆነን ስትጋልብ እናይህ ነበር፤ ነፋስ ነበርክ እኮ! አሁን በቅሎዎቹ የሚሉህን ብትሰማ! ‹ቦራ አለቀለት፤ ከእንግዲህ ዶሮ ይጠብቅ› ይላሉ።»

«ማነው እንደዚያ ያለው?»

«ሁሉም!»

ቦራ ጆሮውን አቆመ። የእግሩን ማሰሪያ በጥርሱ በጠሰና በሜዳው ጋለበ። ሩቅ አልሄደም። የሾላው ዛፍ ጋ ሲደርስ እግሩ ከዳው። አህያ ጭነቷን አውርዳ፣ በትከሻዋ ደግፋ ወደ ጋጣው መለሰችው።

ጦጣ እብጠቱን ስታይ ቦራን ሰደበችው። ስድቡ እዚህ አይጻፍም። ከዚያ እንደገና አሸች፤ እንደገና አሰረች።

ሁለተኛው እብጠት ዘግይቶም ቢሆን ጎደለ። እግሩ ዳነ። ያልዳነው ቦራ ነበር።

«ተነስና ተራመድ» አለችው ጦጣ።

«ያመኛል።»

«መቼ?»

«ስረግጥ።»

«ገና አልረገጥክም እኮ!»

«እንደሚያመኝ አውቃለሁ።»

እሱ ገለባው ላይ እንደተኛ ጤፉ ደረሰ፤ አጨዳው ተጀመረ። አህያ መጥታ አጠገቡ ቆመች። «ቦራዬ፣ ማዶ የሄድክ እንደሆነ...» አለችና መጨረስ አቃታት። ቦራ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ቀበሮ በበኩሏ ጅብን መከረችው። «ሥራህን ጨርሰሃል። እሱ እንደተኛ ይቀራል፤ ሕጉ ራሱ ደጅህ ድረስ ያመጣልሃል። አንተ ቤትህ ተቀመጥ። ጎኑ ሞላ፣ ሽንጡ ወፈረ ቢሉህ እንኳ አደራ፣ ንቅንቅ እንዳትል!»

«ሽንጡ ወፈረ?»

«ሲሉ ሰማሁ ነው ያልኩህ።»

«አልሄድም» አለ ጅብ። በማግስቱ ጠዋት ሄደ።

የሄደውም ሣር ይዞ ነው፤ ፈረሱ እንዳይከሳበት ሰግቷል። ሣሩን ደጃፉ ላይ ጥሎ «ብላ፣ ወንድሜ! ከስተህ እንዳላይህ!» አለ። የጅብ ጠረን አፍንጫው ሲደርስ ቦራ ሳያስበው ተነሳ። በጋጣው የኋላ በር ወጥቶ፣ እያነከሰ አጥሩ ድረስ ሄደ። ሲመለስ ጅቡ የለም፤ ሣሩ አለ። በላው።

በነጋታው ጅብ ሽንጡን በደንብ ሊያይ ጠጋ አለ። ቦራ አጥሩን አልፎ ሾላው ዛፍ ድረስ ሄደ። በሌላ ቀን ጅብ ከኋላ ተከተለው። ቦራ ለእግሩ ስለሚሳሳ አይሮጥም። ጅብም አፉ ሣር ስለሞላ መሮጥ አይችልም። ሁለቱም ሜዳውን በእርምጃ ዞሩት።

«ቆይ እንጂ፣ ጎንህን ልይ!» ይላል ጅብ ሣሩን መሬት እያስቀመጠ። «አትድከም! ትከሳለህ እኮ!»

መንገዱ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ረዘመ። ቦራን ያልበው ጀመር፤ ደረቱ ሰፋ። ጦጣ ዛፏ ላይ ሆና ይህን ሁሉ ታይ ነበር።

የጭነቱ ቀን አንበሳ አውድማው ዳር ተቀመጠ። ጅብም እንግዳ ሆኖ መጥቶ ፊት ለፊት ቦታ ያዘ። የጤፍ ስልቻ ቦራ ጀርባ ላይ ተጫነ። ቦራ ቀኝ እግሩን አነሳ። ማሳረፍ ግን ፈራ። እግሩን አየር ላይ እንዳንጠለጠለ ቆመ። አህያ ዓይኗን ጨፈነች።

«ሂድ» አለ አንበሳ።

ቦራ አልሄደም። በዚህ ጊዜ ጅብ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ኖሮ ፈረሱ የእሱ ነበር። አልተቀመጠም። ብድግ ብሎ ከንፈሩን እየላሰ ወደ ቦራ ጅራት ተጠጋ። «እናንተ አትቸገሩ፤ እኔ ራሴ እወስደዋለሁ!»

የቦራ እግር መሬት አረፈ። ቀጥሎ ግራው ተነሳ። ቦራ ስልቻውን እንደተሸከመ ጎተራው ደረሰ፤ ሳይታዘዝ ተመልሶም ሌላ ተጫነ።

«ቦራ እዚሁ ይኖራል» አለ አንበሳ።

«እኔስ፣ ጌታዬ?» ጮኸ ጅብ። «ያ ሁሉ ሣር! የመገብኩት እኮ እኔ ነኝ!»

«ለጎረቤትህ በማሰብህ ተመስግነሃል» አለው አንበሳ።

ቦራ ያዳነኝ ድፍረቴ ነው ይላል። ጦጣ ቅቤው ነው ትላለች። ሸለቆው ለሁለት ተከፍሎ ሲከራከር ሰነበተ። ጅብ ወደ ዋሻው ጓዳ የገባ ዕለት ግን ሌላ ነገር ታወቀ፤ ለክፉ ቀን ያከማቸው ሥጋ አንድም ቁራጭ አልቀረም። ከዋሻው ደጃፍ እስከ ቀበሮ ጉድጓድ ድረስ በቀበሮ እግር የተረገጠ መንገድ ወጥቷል። ጅብ በየጠዋቱ ሣር ይዞ ሲሻገር እሷ ትገባ ነበር። የመከረችውም እንዲሄድላት ነው፤ የፈረሱ መዳን በሐሳቧም አልነበረም።

ጅብ ሲጠይቃት አልካደችም። «በሽተኛ ጥየቃ ላይ ስለነበርክ ልረብሽህ አልፈለግሁም» አለችው።

ከዚህ የምንማረው፣ የጎረቤቱን መውደቅ ለማየት ከደጃፉ የማይጠፋ ሁሉ የገዛ ቤቱን ለዘራፊ ከፍቶ እንደሚሄድ ነው።