ጀርባዋን ለበር ያዋሰች

ተረት ተረት፤ ጣራዋ የሚጮህ፣ በሯ የሚያመልጥ አንዲት ተረት አለችኝ። ጠጋ ብላችሁ ስሙኝ።

በአንድ የቀርከሃ አገር ወለላ የምትባል እናት ነበረች። አድና የምትባል ልጅና ገና የሚታዘል ሕፃንም ነበሯት። ግንቦት መጣ፣ ዝናቡም አብሮ መጣ፤ አድናም አንድ ማለዳ የደብተር ቦርሳዋን ግድግዳው ላይ ሰቀለችና ከእንግዲህ ትምህርት ቤት አልሄድም አለች።

ወለላ አልተቆጣችም። ምን አገኘሽ ብላ ጠየቀቻት። ለካ መምህሩ ዝናብ ከየት እንደሚመጣ ማስተማር ጀምረዋል። ውኃ ፀሐይ ሲመታው ወደ ላይ ይወጣል፣ ከወጣ በኋላ፣ ሲሉ ዝናቡ ራሱ ዱብ ይላል። የክፍሉ ጣራ ቆርቆሮ ይጮሃል፣ ትምህርቱም እዚያው ላይ ይቀራል። ትናንትም እንዲሁ፣ ከትናንት ወዲያም እንዲሁ። ፈተናው ደግሞ ሰኔ ላይ ነው።

“ከወጣ በኋላማ እግዚአብሔር ያዘንበዋላ፣ ልጄ” አለች ወለላ።

“እሱንማ አውቃለሁ፣ እማዬ። እኔ የምጠይቅሽ መንገዱን ነው።”

መንገዱን ወለላም አታውቀውም። እሷም በልጅነቷ በዚያው ቆርቆሮ ሥር ተምራ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆመች ናት፤ ውኃው ወደ ላይ እንደወጣ እስከዛሬ አልወረደላትም። ስለዚህ ሕፃኑን አዘለች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ በስመ አብ ብላ ወጣች።

መጀመሪያ የሄደችው መምህር ጌትነት ዘንድ ነው። አንገታቸውን በፎጣ ጠምጥመው አገኘቻቸው። እባክዎ ትንሽ ጮክ ይበሉ አለቻቸው። እሳቸውም በሻከረ ድምፅ፣ ከቆርቆሮ ጋር ተፎካክሮ የረታ መምህር እስካሁን አልተወለደም፤ እሱ ዝም ካላለ አልጮህም አሉ። እንግዲህ መምህሩ አልጮህ አሉ፣ አድና አልማር አለች።

ወለላ ወደ ቆርቆሮው አንጋጠጠች። ዝም በል እንጂ፣ የሰው ልጅ ይማርበት አለችው። ቆርቆሮው ግን እርቃኑን ነበርና ተቀየማት።

“የሚገረፍ ሰው ዝም በል ይባላል? ከሥሬ ኮርኒስ አልብሱኝና ያን ጊዜ ተናገሩኝ።”

እንግዲህ ቆርቆሮው ዝም አልል አለ፣ መምህሩ አልጮህ አሉ፣ አድና አልማር አለች።

ወለላ ወደ ወንዝ ዳር ወረደች። ቀርከሃውን፣ ኮርኒስ ሁንልኝ ብላ ለመነችው። ቀርከሃው እየተወዛወዘ፣ መሆኑንስ እሆናለሁ፣ ነገር ግን በደነዘ ገጀራ ተጨፍጭፌ ማገዶ መምሰል አልፈልግም አለ። እንግዲህ ቀርከሃው አልሰነጠቅ አለ፣ ቆርቆሮው ዝም አልል አለ፣ መምህሩ አልጮህ አሉ፣ አድና አልማር አለች።

ቀርከሃ ሠሪው አያ ፈንቴ ናቸው፤ ወለላ እሳቸው ዘንድ ሄደች። ገጀራቸውን አውጥተው በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉት፤ ቅቤም አይቆርጥ። መንደሩ በሙሉ ስለት የሚያወጣበት መሳያ ድንጋይ ከደጃቸው ጠፍቷል። ማን ወሰደው ብትላቸው አያ ፈንቴ ሳል ሳል አላቸው። ለካ የወሰዱት ራሳቸው ናቸው። የትምህርት ቤቱን በር ነፋስ ሲያንገላታው አይተው፣ የልጅ ልጃቸውን እንዳይበርዳት ብለው፣ ድንጋዩን ተሸክመው በሩን አስደግፈውታል። ታዲያ ለምን አይመልሱትም አለቻቸው። ለልጆች የሰጡትን መልሶ መንጠቅ ነውር ነው፤ ድንጋዩ በፈቃዱ ከመጣ ግን አልጠላም አሉ። እንግዲህ ገጀራው አልቆርጥ አለ፣ ቀርከሃው አልሰነጠቅ አለ፣ ቆርቆሮው ዝም አልል አለ፣ መምህሩ አልጮህ አሉ፣ አድና አልማር አለች።

ወለላ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሰች። ድንጋዩን፣ ተነሥና ገጀራውን ሳል አለችው። እኔ ብነሣ በሩ ይበረገዳል፣ ዶፉም ልጆቹ ላይ ይገባል አለ። በሩንም ለመነችው። በሩ ደግሞ እያቃሰተ፣ መወርወሪያ የለኝ፤ ወይ ድንጋይ ወይ የሰው ጀርባ ካላገኘሁ አልዘጋም አላት። ወለላ ጀርባዋን ልትሰጠው ዞረች፤ ጀርባዋ ግን ባለቤት አለው፣ ሕፃኑ ተኝቶበታል። እንግዲህ በሩ አልዘጋ አለ፣ ድንጋዩ አልነሣ አለ፣ ገጀራው አልቆርጥ አለ፣ ቀርከሃው አልሰነጠቅ አለ፣ ቆርቆሮው ዝም አልል አለ፣ መምህሩ አልጮህ አሉ፣ አድና አልማር አለች።

በመንገዷ ማርያምን ከሩቅ ተሳለመች። እመቤቴ፣ የሰው ሁሉ ምክንያት ልክ ነው፤ ታዲያ እኔ ማንን ልቆጣ አለቻት። ቤቷ እስክትደርስም ሐሳብ መጣላት።

“አድና፣ ሄደሽ ተማሪ አላልኩሽም። ለበሩ ጀርባሽን አውሺው።”

አድና ነገሩን አገላብጣ አየችው። “ካልተማርኩማ እሺ” አለች።

ሄደችና ከበሩ ሥር ተቀምጣ ጀርባዋን ሰጠችው። አድና በሩን ያዘች፣ በሩ ድንጋዩን ለቀቀ፣ ድንጋዩ ገጀራውን ሳለ፣ ገጀራው ቀርከሃውን ሰነጠቀ። ቀርከሃ ስለት ይበላልና ድንጋዩ ቶሎ አልተመለሰም፤ አድናም በየማለዳው እየሄደች በሩን ያዘች። መማርስ አልተማረችም፤ ዓይኗ አልፎ አልፎ ሰሌዳው ላይ ያርፍ እንደሆነ እንጂ። አያ ፈንቴ ኮርኒሱን ሠርተው ሲጨርሱ አባቶች ተሰብስበው ሰቀሉት።

ዝናቡም መጣ። ክፍሉ በልማዱ ጆሮውን ሊይዝ እጁን አነሣ። ከላይ ግን ተልባ ሲቆላ የሚንጣጣውን ያህል ብቻ ተሰማ። መምህር ጌትነት ወደ ጣራው ቀና አሉ፣ ፎጣውን ከአንገታቸው ፈቱ፣ ሳይጮሁም ካቆሙበት ቀጠሉ።

“ከወጣ በኋላ ይቀዘቅዛል። ሲቀዘቅዝ ይሰበሰብና ደመና ይሆናል። ደመናው ሲከብደው ደግሞ ይወርዳል።”

ከፊት ያሉት ሰሙ፣ ከመሐል ያሉት ሰሙ፣ በሩን የያዘችውም ሰማች።

አያ ፈንቴ ከተረፈው ቀርከሃ ለበሩ መወርወሪያ ሠሩለት። የአድና ጀርባ ነፃ ወጣ። ወደ ቤቷ ግን አልሄደችም፤ ፊተኛው ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች።

ማታ ለእናቷ መንገዱን ከሥር እስከ ላይ፣ ከላይ እስከ ሥር ነገረቻት። “ሲከብደው ይወርዳል፣ እማዬ” ብላ ጨረሰች።

ወለላ አንቀልባዋን ፈታች፣ ሕፃኑን ከጀርባዋ አወረደች፣ እፎይ ብላም ተቀመጠች።

“ተመስገን” አለች። “ለኔም ወረደልኝ።”

ተረቴንም እዚህ ላይ ቀረቀርኳት፤ ለሚያንኳኳ ልጅ ግን ትከፈታለች።