አመድ ላይ የቆመው ጨርቅ ነጋዴ

አንድ ጨርቅ ነጋዴ ነበረ። አገሩ ሩቅ ነው፤ በአፍሪካ ምዕራብ፣ በባሕር ጠረፍ ባለ ትልቅ ከተማ። የከተማው ገበያ፣ ሰው ጠዋት በአንድ በኩል ገብቶ ማታ በሌላ በኩል ቢወጣ እኩሌታውን እንኳ አላየም የሚባልለት ነው። በላዩ ላይ ሹመኛ አለ፣ ጽሕፈት ቤት አለ፤ ተራውን የምታስተዳድረው ግን «እናት» የምትባል ሴት ናት። የቲማቲም ተራ የራሱ እናት አለው፣ የጨርቁም እንዲሁ። ጸብ ቢነሳ፣ ቦታ ቢያከራክር፣ ነገሩ የሚያልቀው በእሷ ቃል ነው።

የሰውየው ቦታ የጨርቅ ተራ መጨረሻው ላይ ነበር። በግራው ከሌሎቹ ጨርቅ ነጋዴዎች የሚለየው መንገድ ነው፤ በቀኙ የዓሣ ተራ ይጀምራል። ከጎኑ የምትቀመጠው ሴት የደረቀ ዓሣ በሰፌድ ዘርግታ ትሸጣለች። ሽታው ጨርቄን ያበላሽብኛል ብሎ ገና በገባ በሳምንቱ በመካከላቸው ቆርቆሮ አቆመ፤ ከመሬት እስከ ጣሪያ። እውነቱን ለመናገር በዚህ አልተሳሳተም። ዓሣ ዓሣ የሚል የሙሽራ ልብስ ማን ይገዛል? ጥፋቱ ሌላ ነው። ቆርቆሮውን ዞሮ «እንዴት አደርሽ» ለማለት ስድስት እርምጃ ይበቃው ነበር። ስድስቷን እርምጃ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልተራመዳትም።

ወዳጆቹ ሲወቅሱት፣ ልጄ፣ ልክ አንተ ትናንት እንዳልኸኝ፣ የቦታዬ ውል በእጄ ነው፣ የማንንም አልነካም፣ ጎረቤት ምን ያደርግልኛል ይል ነበር። ደግሞም ክፉ ሰው አልነበረም። ጨርቅ ሲለካ አያጎድልም፣ የሰው ስም አያነሳም።

አንድ እሑድ ገበያው ተዘግቶ ሳለ እሳት ተነሳ። ሰው እስኪደርስ እሳቱ ጨርሶ ነበር። ሰኞ ጠዋት ነጋዴው ቢመጣ ተራ የለ፣ መንገድ የለ፤ ከዚህ እስከዚያ አመድ ብቻ። ጨርቁ ሄደ፤ ውሉም አብሮ ሄደ። ወደ ጽሕፈት ቤቱ ቢሮጥ፣ እኛ ዘንድ ያለው የስም ዝርዝር ነው፣ ማን የት እንደተቀመጠ የሚያውቁት እናቶቹ ናቸው ብለው መለሱት። እንግዲህ የቀረው ቦታው ብቻ ነው። ቦታው ካለ ደንበኛው ተመልሶ ያገኘዋል። ቦታው ከሄደ ግን ዘጠኝ ዓመት የደከመበት ሁሉ ሄደ፤ ከሀ መጀመሩ ነው።

በዚያ ገበያ ከእሳት በኋላ የሚፈጸም ወግ አለ። ማንም ስለ ራሱ ቦታ አይናገርም። ባለቦታው አመዱ ላይ ይቆምና ጎረቤቱን በስም ይጠራል። የተጠራው መጥቶ ድንበሩን በባዶ እግሩ ይረግጣል፤ ከዚህ እስከዚህ የእሱ ነበር ይላል። እናት በአዎንታ ራሷን ትነቀንቃለች፣ በድንበሩ ላይ ኖራ ይፈስሳል፣ አለቀ። ጎረቤቱን መጥራት ያልቻለ ሰው ቦታው ለዕጣ ይቀርባል፤ እሱም ወደ ዳር ይወጣል፣ አዲስ መጤዎች ወደሚቀመጡበት።

ነጋዴው ይህን ሲሰማ ቀላል መሰለው። ጊዜው ደረሰና አመዱ ላይ ቆመ።

«ጎረቤትህን ጥራ» አለችው እናት።

አፉን ከፈተ። የጎረቤቱን ድምፅ ያውቀዋል፤ በቆርቆሮው ወዲያ ስትስቅ፣ ከገዢ ጋር ስትከራከር ዘጠኝ ዓመት ሰምቷል። ሳሏን ሳይቀር ለይቶ ያውቀዋል። ስሟ ግን የለም።

«የዓሣዋ ሴትዮ» አለ በመጨረሻ።

የዓሣ ተራ ሴቶች በሳቅ ፈነዱ። «የኔ ጌታ፣ የትኛዋን ነው? አርባ ነን፤ ሁላችንም እንሸታለን» አለችው አንዷ።

ሰፌድ ያላት ናት ብሎ ሊያስረዳ ሞከረ። የባሰውን ሳቁ።

እናት አልሳቀችም። «ልጄ፣ ስም ነው የጠየቅሁህ» አለችው።

ከፊቱ ከቆሙት ሴቶች አንዷ ሦስት እርምጃ እንኳ አትርቀውም ነበር። ሽርጧን ከፍ አድርጋ ታጥቃለች፤ ጫማዋን አውልቃለች። ቦታውን ስንዝር ሳታጎድል ታውቀዋለች፤ ጠዋት ጠዋት እሱ ሳይመጣ የራሷን ደጅ ስትጠርግ የእሱንም አብራ ትጠርግ ነበርና። ዓይኑ ፊቷ ላይ አረፈ፤ ከዚያ አለፋት። ሳትጠራ መናገር ወጉ አይፈቅድላትም። ከንፈሯ ግን ያለ ድምፅ የገዛ ስሟን ሲል ያዩ አሉ። ዴዴ። ዴዴ። እሱ አላየም።

እናት ብዙ ጠበቀችው። በኋላ እጇን ወደ ዳር ዘረጋች። ኖራው አልፈሰሰም።

ነጋዴው ወደ ዳር ሄደ። እዚያ አንድ ሽማግሌ አሮጌ ገመድ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ነጋዴው የያዛትን ምንጣፍ ሳያነጥፍ ከጎናቸው ቆሞ፣ «አባቴ፣ ስምዎ ማን ይባላል?» አላቸው። ነገሩት። እንደሚያጠና ተማሪ አንዴ ደገመው፣ ሁለቴ ደገመው። የተቀመጠው ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ነጋዴ አንተ ነህ። በርህን አትዝጋ፣ አጥርህን አታጥር አላልኩህም። ውልም ደግ ነገር ነው፤ አገር ሰላም ሲሆን ይሠራል። ሰው ግን አንድ ቀን አመድ ላይ መቆሙ አይቀርም፤ በሽታ ይሁን፣ ሐሜት ይሁን፣ ክስ ይሁን፣ የአንተን አላውቅም። ያን ቀን ስለ ራስህ ብትምል ብትገዘት የሚሰማህ የለም። የሚናገርልህ ከጎንህ ያለው ነው። እሱማ ጫማውን አውልቆ ቆሞልህ ይሆናል፤ መጥራት ያቃተህ አንተ ነህ። ከሱቅህ ቀጥሎ ያለው፣ ያ ሰዓት የሚጠግነው ሰው፣ ማን ይባላል?

አየህ። ተነሥ፤ ሱቁን ሳይዘጋ ድረስበት።