እኔው አወጣለሁ፣ እኔው እቀበላለሁ

አንድ የኪራይ ግቢ ውስጥ ስንዱ የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ማን ከማን እንደተኳረፈ ከተኳረፉት ቀድማ የምታውቅ፣ ዓይኗ የማያርፍ ሴት ናት። ከእሷ ቤት በአንድ ጭቃ ግድግዳ ተለይታ ደግሞ ማስተዋል የምትባል ወጣት ዘፋኝ ተከራየች። አከራዩ ጋሽ ወንዳፍራሽ ክፍሉን ሲሰጧት፣ «ከአንቺ በቀር ሰው አላይም፤ ውሃውም ሽንት ቤቱም የጋራ ነው» ብለው ቃል አስገብተዋታል።

ብዙም ሳይቆይ ግድግዳው ያወራ ጀመር። ረፋድ ላይ ከበሮ ይመታል። ከሰዓት ክራር ይመጣል። ወፍራም ድምፅ ይገባል፣ ቀጭን ይከተለዋል፣ ከዚያ አምስት ሴቶች አንድ ላይ ያዜማሉ። ስንዱ በጣቷ ብትቆጥር ዘጠኝ ሰው ሆነ። በሩ ላይ ያለው ጫማ ግን አንድ ጥንድ ብቻ! «ጫማቸውን ታቅፈው ነው እንዴ የሚገቡት?» እያለች ጆሮዋን ለጥፋ ዋለች። ሦስት ወር ሙሉ ምሳዋ እያረረ።

አላስችላት ሲል ቧንቧው ጋ ጠበቀቻት።

«ማስቱ፣ ቤትሽ ሞቅ ሞቅ ብሏል አይደል?»

«አልበም እየሠራሁ ነው እኮ እትዬ።»

«እሰይ! ታዲያ እነማን ናቸው የሚያግዙሽ?»

«ማንም የለም። እኔው አወጣለሁ፣ እኔው እቀበላለሁ» አለችና ጀሪካኗን ይዛ ሄደች።

ስንዱ ደረቷን መታች። በየሰርጉ ዘፈን አውጪ እሷ፣ ተቀባዩ መንደሩ ሆኖ ያረጀች ሴት፣ ያን ቀን የቃሉ ትርጉም ጠፋባት። «በአፏ አመነች! ሰው ትቀበላለች፣ ሰው ታወጣለች!» እያለች በቀጥታ ወደ ጋሽ ወንዳፍራሽ ሮጠች።

ሰውየው ከዘራቸውን ይዘው መጡ። «ዛሬውኑ ልቀቂ!» አሏት።

ማስተዋል ፊቷ አመድ መሰለ። «ጋሼ፣ ዘጠኙን ዘፈን እዚህ ነው የቀዳሁት፤ አንድ ቀርቶኛል። ሌላ ቤት ብሄድ ድምፁ አይመሳሰልም፤ ሁሉንም እንደገና ልጀምር ነው።»

«መጀመሪያ ሰዎችሽን አስወጪያ!»

በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሏል። አንድ ከበሮ፣ አንድ ክራር፣ አንድ ማይክ፣ አንድ ኮምፒውተር። ስንዱ አልጋው ሥር ሳይቀር አጎንብሳ አየች። ሰው የለም።

ልጅቷ ድምፆቹን አንድ በአንድ አሰማቻቸው። «ወፍራሙ እኔ ነኝ። ቀጭኑም እኔ። አምስቱ ተቀባዮችም እኔው ነኝ፤ አምስት ጊዜ ዘፍኜ ደራረብኩት።»

«እንዴ፣ ለምን ሰው አትጠሪም?» አለች ስንዱ። አሁን የምሯን ማወቅ ፈልጋለች።

«አንዷን ስንኝ ልቤ ውስጥ ያለውን እስክትመስል አርባ ጊዜ እመልሳታለሁ። ማን ይታገሠኛል?»

ወዲያው በዘፈኑ መሃል «እህ፣ እህ» የምትል ሳል ተሰማች።

«ይቺ ግን እኔ አይደለሁም» አለች ማስተዋል። «ከግድግዳው ወዲያ ናት።»

ጋሽ ወንዳፍራሽ ከዘራቸውን ጥለው ሳቁ። «ስንዱ! ለካ አንቺም አልበም እያወጣሽ ነው!» ወደ ዘፋኟም ዞረው፣ «ሥራሽን ጨርሺ ልጄ፤ ቤቱ ያንቺ ነው» አሏት።

ስንዱ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበች። «አጥፊያት በሞቴ! ደግሞ ምናለ በደንብ ብትነግሪኝ?»

«ነግሬዎት ነበር እኮ እትዬ። ጠየቁኝ፣ መለስኩልዎት፤ መልሱን ግን ከእኔ አልወሰዱትም።»

ወገኖቼ፣ ለማወቅ መጓጓት ነውር አይደለም። ነውሩ መልሱን በልብ ቋጥሮ ይዞ መጠየቅ ነው። እንዲህ የሚጠይቅ ሰው አንዲትን ብርቱ ሠራተኛ ዘጠኝ ጥፋተኛ አድርጎ ይቆጥራታል። እናንተስ፣ በቅርቡ የጠየቃችሁት ሰው ሲመልስላችሁ የሰማችሁት እሱን ነው ወይስ ራሳችሁን?