ሃያ ዓመት የዘገየ ቃል

እስቲ ለአፍታ ዓይናችሁን ጨፍኑና ተከተሉኝ። በጥንት ዘመን፣ በግሪክ ባሕር መካከል ባለች ትንሽ ደሴት ላይ፣ ከነጭ ድንጋይ የሰው ምስል እየቀረጸ የሚኖር አንድ ሰው ነበረ እንበል። ስሙንም ኒካንድሮስ እንበለው። መሮው ሲያርፍበት ድንጋዩ የሚተነፍስ ይመስል ነበር።

በስተርጅናው የከተማዋ ሹማምንት ጠሩትና ባሕር ለበላቸው ዓሣ አጥማጆች መታሰቢያ እንዲሠራ አዘዙት፤ ወደ ባሕሩ እያየች ልጇን የምትጠብቅ እናት። እግሯን ሠራ። ነፋስ የሚያውለበልበውን ቀሚሷን ሠራ። ፊቷ ብቻ ሲቀረው ዓይኑ ጭጋግ ለበሰ። መጀመሪያ ባሕሩ ጠፋበት። ከዚያ ደጁ ላይ ያለው የወይራ ዛፍ። በመጨረሻ የገዛ እጁ። ዓለም ሁሉ ነጭ ሆነችበት።

ያን ፊት ሊጨርስ የሚችል ሌላ ሰው በደሴቲቱ አልነበረምን? ነበረ። አብሮ አደጉ ቲሞንዳስ። ታዲያ ለምን አልጠራውም?

ሃያ ዓመት ተኳርፈው ነበራ! አንድ ጊዜ ለአንድ ትልቅ ሥራ ሲወዳደሩ፣ ኒካንድሮስ "የቲሞንዳስ ድንጋይ ውስጡ ስንጥቅ ነው፤ በሰም ደፍኖት ነው" ብሎ ለሹማምንቱ ተናገረ። ውሸት ነበር። ሥራው ለኒካንድሮስ ሆነ። ስሙ የጠፋው ቲሞንዳስ ከዚያ ወዲህ የደጃፍ ደረጃና የውኃ ገንዳ ሲጠርብ ኖረ።

አንድ ማለዳ የኒካንድሮስ ሚስት ሜሊታ፣ "ሰው ልኬ ላስጠራልህ?" አለችው።

"የበደልኩት እኔ ነኝ፤ የምሄደውም እኔ ነኝ" አላት።

ግድግዳ እየዳበሰ ሄደ። መንገዱ በሕልም እንደሚሄዱበት መንገድ አላልቅ አለው። የመዶሻ ድምፅ ሲሰማ ቆመ።

"ቲሞንዳስ፣ እኔ ነኝ።"

መዶሻው ዝም አለ።

"ድንጋይህ ስንጥቅ አልነበረበትም። ዋሽቼብህ ነው።"

"ለሐውልትህ ፊት ብለህ ነው የመጣኸው?" አለ ቲሞንዳስ።

"ከቤት ስነሣ ለእሷ ብዬ ነበር። መንገድ ላይ ግን ረሳኋት። አንተ ልትጨርሳት ባትመጣም ይህን ሳልነግርህ አልሞትም።"

ቲሞንዳስ መዶሻውን መሬት ላይ አኖረ። "ሃያ ዓመት ይህን ቃል ስጠብቅ ነበር" አለ። "ዛሬ ግን አልመጣም። ዛሬ ተናድጃለሁ።"

በሦስተኛው ቀን መጣ። የኒካንድሮስን እጅ ይዞ ድንጋዩ ላይ አኖረውና፣ "ምን ዓይነት ፊት ነው ያሰብክላት?" አለው።

"ተስፋ ያልቆረጠች" አለ ኒካንድሮስ።

አንዱ እየዳበሰ፣ ሌላው እየቀረጸ ጨረሷት። ቀትር ላይ አብረው እንጀራቸውን ይቆርሱ፣ እንደ ልጅነታቸው ይሳሳቁ ነበር። ከሁለት ክረምት በኋላ ኒካንድሮስ ሲያርፍ ዓይኑን የከደነለት ቲሞንዳስ ነው።

ሐውልቷስ? ምድር ተናወጠችና ባሕር ውስጥ ገባች። ዛሬ በፊቷ ላይ ዓሣ ያልፋል። የማን ሥራ እንደሆነች የሚያውቅ የለም።

ታዲያ ከሰውዬው ዕድሜ ሁሉ የቱ ቀን ይበልጣል ትላላችሁ? የተሸለመበት? የተጨበጨበለት? ወይስ ግድግዳ እየዳበሰ የሄደበት?

ወገኖቼ፣ እናንተስ ወደ ማን ደጅ ነው መንገዱ የረዘመባችሁ? ወንድም ነው? እህት ናት? አብሮ አደግ? "ይቅርታ ባይቀበለኝስ?" ትላላችሁ። ላይቀበል ይችላል። ሦስት ቀን ሊናደድ ይችላል። ይናደድ፤ መብቱ ነው። የእናንተ ድርሻ እውነቱን ይዞ ደጁ ላይ መቆም ነው።

ሰው አትላኩ። ራሳችሁ ሂዱ። ዛሬ ከዚህ ስትወጡም በቀጥታ ወደ ቤታችሁ አትግቡ።